ባቡሩ በቆላ፣ መኪናው በደጋ፦ የምሥራቁ መንገድ ጥያቄዎቻችሁ

ለዚህ ወር ዓምዳችን ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በአሰበ ተፈሪና በቁልቢ አድርጎ ሐረርና ድሬዳዋ የሚገባው መንገድ። ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው ወር አቆይተን ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ለገና ዕረፍት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በራሳችን መኪና ሐረር ለመሄድ አስበናል። መኪናችን ቪትዝ ናት። «በአንድ ቀን ትገባላችሁ» የሚሉን አሉ። እውነት ነው? ከመሐል የሚታይ ከተማስ አለ ወይስ በቀጥታ ሐረር ብንገባ ይሻላል?
— ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ

መልስ፦ በአንድ ቀን መግባት ይቻላል። ችግሩ ከመግባት በቀር ምንም አለማየታችሁ ነው። ሐረር በአሮጌው መንገድ ወደ 525 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ብትነሡ እንኳ የልጆቹ ሽንትና ምሳ ሲጨመርበት የምትደርሱት ሊመሽ ሲል ነው። የመጨረሻው መቶ ኪሎ ሜትር ደግሞ የተራራ ጠመዝማዛ ነው፤ የሰውም፣ የጋሪም፣ የከብትም መንገድ እሱው ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት የጫነ አይሱዙ ይበዛል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ሹፌሩ ለማንም አይዘገይም። በመስታወት ስታዩት ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ እልህ አትጋቡ።

ቪትዟን በተመለከተ አትስጉ፤ እስከ ሐረር በር አስፋልት ነው።

አንድ ነገር ከገባችሁ መንገዱ ራሱ ይተረክላችኋል። የድሮው የፈረንሳይ ባቡርና የመኪናው መንገድ ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ጎን ለጎን ይሄዱና እዚያ ይለያያሉ። ባቡሩ አቀበት ስለማይወድ በቆላው በአፍደምና በኤረር አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል። መኪናው ግን ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣና በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ ይዞራል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ የምታዩት ሁለት ዓይነት ከተማ ነው፤ ሐዲድ የወለደውና ገበያና ግዛት የወለደው። ሐዲዱ የወለዳቸው ባቡሩ ሲቆም አብረው ደከሙ። የደጋዎቹ ግን ቡናውም ጫቱም ስላላቸው እንደደሩ ናቸው።

እንግዲህ ሁለት ቀን አድርጉት፤ አዳራችሁ አዋሽ ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ በቱሉ ዲምቱ በኩል ፈጣን መንገዱን ያዙ። እስከ አዳማ 84.7 ኪሎ ሜትር ነው። መግቢያው ላይ የሚሰጣችሁን ካርድ እንዳትጥሉት፤ መውጫው ላይ የሚሰላው በእሱ ነው። ቢሾፍቱን በዚህ ጉዞ እለፏት፤ ሆራን ስትመለሱ በአሮጌው መንገድ መጥታችሁ ታዩታላችሁ፤ ያን ጊዜ ልጆቹም ውሃ ያምራቸዋል። ቁርስ አዳማ ብሉ፤ ነዳጅም እዚያው ሙሉ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ማደያው ላይ የሚቆመው ብዙ ነው። በጀሪካን ይዞ መሄድን አታስቡት።

ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለው 125 ኪሎ ሜትር ገደማ የቀኑ አድካሚ ክፍል ነው፤ የጅቡቲ ተሳቢ ሁሉ የሚተመው በዚሁ ነው። ከተሳቢ ኋላ ተጠግታችሁ አትንዱ። ከፊቱ ያለውን ጉድጓድ የምታዩት እሱ ካለፈው በኋላ ነው። መተሐራ አጠገብ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ድንጋይ ተከምሮ ታያላችሁ። ፈንታሌ ተራራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው ቅልጥ አለት ነው። ቀጥሎ በሰቃ ሐይቅ አለ። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ሲሰፋ ሐዲዱንም አስፋልቱንም እየነካ ስለመጣ መንገዱ በድልድል ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ውሃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ስለሆነ አይጠጣም፣ ለእርሻም አይሆንም። ፎቶ ለማንሳት ድልድሉ ላይ አትቁሙ፤ ካለፋችሁ በኋላ ሰፊ ዳር አለ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በር ከመተሐራ አልፎ ወደ አዋሽ ከተማ ሳትደርሱ በስተቀኝ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ግቡ፤ ሳላ የሚባለው ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ የሚወጣው ያኔ ነው። ፏፏቴውም በዚሁ ወገን ነው። ፍልውሃው ግን ከአስፋልቱ ማዶ በስተሰሜን ስለሆነና መንገዱ ከፍ ያለ መኪና ስለሚፈልግ ለቪትዝ አይሆንም። የፓርኩ ስካውት አብሯችሁ መግባት አለበት፤ አንድ መቀመጫ ለእሱ ይቅር። ሻንጣውን መጀመሪያ ሆቴል አራግፉ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የሐዲድ ልጅ ናት። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የባቡር ተሳፋሪ ይበላበትና ያድርበት የነበረ ቤት ነው፤ በረንዳውና ግቢው የዚያን ዘመን ወዝ አልለቀቁም። የምቾት ነገር ካሳሰባችሁ ሌላ ቦታ አድራችሁ እራት ብቻ እዚያ ብሉ።

በሁለተኛው ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ውጡ። ከአዋሽ ከተማ ሲወጣ የጅቡቲ ተሳቢ ወደ ሚሌ ይታጠፋል፤ እናንተ የሐረሩን ትይዛላችሁና መንገዱ ወዲያው ይቀላችኋል። ምትኩ ግመል ነው። ግመል ጥሩንባ ሰምቶ አይሸሽም፤ አንዱ ከተሻገረ የቀሩት ይከተሉታልና ቁሙ። ከሚኤሶ በኋላ አቀበቱ ይጀምራል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ እንደ ምሳ ቤት ብቻ አትዩአት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ለሌላው አርአያ የሚሆን ግዛት አደርጋለሁ ብለው የተጉባት ከተማ ናት። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ገበያውን አንድ ዙር ዙሩት፤ የጨርጨር ቡና ያለው እዚያ ነው።

ጨለንቆ ስትደርሱ ለልጆቹ ንገሯቸው። በ1879 ዓ.ም ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረር ነጻ ከተማነቷን ያጣችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ሐረርን ሳያዩ ጨለንቆን ማየት፣ ያውም በዚህ ቅደም ተከተል፣ ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጣል። ከቁልቢ በኋላ ደንገጎ መገንጠያ ላይ ወደ ግራ ድሬዳዋ፣ ቀጥታ ሐረር ነው። ሐረማያንና አወዳይን አልፋችሁ ከ9 ሰዓት በፊት ትገባላችሁ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። ቆመን ውሃ ደፋንበትና ቀጠልን። ጋራዥ ሲታይ «ምንም የለውም» አሉን። ምን ነበር?
— ከአዳማ

መልስ፦ ጋራዡ አልዋሸም፤ የቀዘቀዘ ፍሬን ደኅና ነው። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ወደ 1,200 በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያወርዳል። ያን ሁሉ መንገድ እግር ፍሬን ላይ ከተቀመጠ ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፤ መጀመሪያ የመጣው ሽታ የሸራው ነው። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሠራል። አረፋ ሲጨቆን ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ የእግራችሁ ኃይል ጎማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ዘይቱ ለምን ፈላ? ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። እርጥበት የጠጣው ግን በ140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው፤ እኛ አገር ግን ሲጎድል መጨመር እንጂ መቀየር ብዙም አልተለመደም። ከመውጣታችሁ በፊት አስቀይሩት፤ ከአራቱም ጎማ አየሩ ይውጣ። መኪናው የሚቀበል ከሆነ ዶት 4 አስደርጉ፤ 230 ድረስ ይችላል።

ስትወርዱ የወጣችሁበትን ማርሽ ያዙ፤ በሁለተኛ ከወጣችሁ በሁለተኛ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ከ«ዲ» አውጥታችሁ «ኤል»፣ «ቢ» ወይም «2» ላይ አድርጉት። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። ፍሬን ስትይዙ ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙና ልቀቁ። ለስለስ አድርጎ ረጅም መያዝ ነው የሚያግለው። ኒውትራል ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውን ለመናገርም እንፈራለን፤ ሙሉ ክብደቱን ፍሬን ላይ መጣል ነው።

ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ውሃ ግን አትድፉ፤ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የእጅ ፍሬኑንም አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይበቃል። ያኔ ውሃ ከደፋችሁ በኋላ ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል ማለት ነውና አስለኩት።

በዚያው መንገድ ስትወጡ ደግሞ ችግሩ የሞተር ሙቀት ነው። ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ ካለ በዚያ ከፍታ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። ኩለንት ይግባበት። መርፌው ከመካከል ካለፈ ኤሲ አጥፉና ሙቀት አድርጉ፤ ለሰው አይመችም፣ ሞተሩን ግን ያድናል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛነው መኪና ኤሌክትሪክ ነው። በእሱ ሐረር ደርሶ መመለስ ይቻላል?
— ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት

መልስ፦ ለዚህኛው ጉዞ ባትወስዱት ይሻላል። ሒሳቡ ይኸው። ከአዋሽ እስከ ሐረር 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ1,000 ሜትር ግድም ተነሥታችሁ ከ2,000 በላይ ትወጣላችሁ። «400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የተባለ መኪና አራት ሰው፣ ሻንጣና ኤሲ ይዞ በዚህ አቀበት ያንን አይሄድም። መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር ካላገኛችሁ የምትሞሉት ከሆቴል ሶኬት ነው። 220 ቮልት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከ20 ወደ 90 በመቶ ለማድረስ 19 ሰዓት ይወስዳል፤ መብራት ካልጠፋ። የሆቴሉ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ይቀልጣል።

ግድ ከሆነና ድሬዳዋም ከወረዳችሁ ሐረር ላይ 100 በመቶ አትሙሉት። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለት የሚመጣውን ኃይል አይቀበልምና መኪናው በራሱ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ያኔ እናንተም ከላይ ወዳለው የፍሬን ጥያቄ ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ከ12 እና ከ15 ዓመት ልጆቼ ጋር እመጣለሁ። እናቴም አብራን ትሄዳለች፤ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሐረር ሁለት ሌሊት አለን። ጀጎል ውስጥ በምን ቅደም ተከተል እንሂድ? ጅብ ማየቱስ ለልጆች አያሰጋም? አሮጌ የብር ጌጥና መጽሐፍም መግዛት እፈልጋለሁ።
— ከሜሪላንድ

መልስ፦ መኪና ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ ለእናትዎም ለእርስዎም የሚሻለው እሱ ነው። ጀጎል ውስጥ ግን መኪና አይጠቅምም። በግንቡ የተከበበው 48 ሄክታር ነው፤ በውስጡ 368 መተላለፊያ አለ ይባላል፤ አንዳንዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ያዳልጣል። እናትዎ ጫማቸው ጠፍጣፋና ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ አውልቆ ለማጥለቅም ይቅለል፤ ቤት በገቡ ቁጥር ያወልቃሉ።

ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። ሸዋ በር (በሐረሪ አስማዲን በሪ)፣ ቡዳ በር (በድሮ በሪ)፣ ሰንጋ በር (ሱቁጣጥ በሪ)፣ ኤረር በር (አርጎብ በሪ) እና ፈላና በር (አሱም በሪ)። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የመጣ ስድስተኛ ነው። ልጆቹን ስሞቹን በሁለቱም ቋንቋ አስጠኗቸው። የከተማዋን ሁለት ታሪክ፣ የአሚሮቹንና ከ1879 በኋላ የመጣውን፣ ከበሮቹ ስም ብቻ ያገኙታል።

በመጀመሪያው ጧት እናትዎን ይዛችሁ በባጃጅ በሐረር በር ግቡና ፈረስ መጋላ አደባባይ ውረዱ። ከዚያ ወደ ራስ መኮንን ቤት አጭር መንገድ ነው። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም የሚገኝበት ነው፤ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች አሉበት። አጠገቡ «የራምቦ ቤት» የሚባለው አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከ1880 እስከ 1891 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት በሐረር እየተመላለሰ በንግድ ኖሯል፤ ይህንን ቤት ግን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። ቢሆንም ግቡ፤ ፎቅ ላይ ያለው የቀለም መስታወትና የድሮ ሐረር ፎቶዎች ለራሳቸው ይበቃሉ። ጉብኝቱ ከ6 ሰዓት በፊት ይለቅ። ምሳ ላይ ይዘጋል፤ ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሰፋ ያለ ሰዓት ይዘጋል። በረመዳን ቀን ጀጎል ውስጥ የሚበላ አትፈልጉ።

ከሰዓት በኋላ የሐረሪ ቤት ግቡ። ይህን አትዝለሉ፤ ከግንቡም ይበልጣል። ሳሎኑ ጊድር ጋር ይባላል፤ ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ውስጡ አምስት ደረጃ መቀመጫ አለ፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የአሚር ነደባ ለቤቱ ትልቅ ሰው ነው፤ እንግዳ ዘው ብሎ አይቀመጥበትም። ትልቁ ነደባ ለእንግዶች፣ ትንሹ ለታናናሾች፣ አንዱ ከበሩ ኋላ፣ አንዱም ሽሽግ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት የቤቱ እናት ክብር ነው፤ አትንኩ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ በዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነበር። ቁቲ ከቀረበላችሁ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ነው፣ ቀስ ብላችሁ ጠጡ። አንዳንዶቹ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ፤ ለአንዷ ሌሊት ምረጡት። መጸዳጃው ግን ደረጃ እንዳለውና እንደሌለው ለእናትዎ ሲሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

አስጎብኚ ያዙ፤ መታወቂያው አንገቱ ላይ ይኑር፤ ዋጋውን ለሰዓት ሳይሆን ለግማሽ ቀን ቁረጡ፤ ጅቡ ይግባበት አይግባበት ያኔውኑ ተነጋገሩ። ጠብ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ፤ ልብሳቸው ስላማረ ሁሉም ሰው ስልኩን ይደግንባቸዋል፣ ሰልችቷቸዋል።

ጅቡን የሚያበሉት ከግንቡ ውጭ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ጅቦቹ ከሚያበሏቸው ሰዎች ጋር ለዓመታት የለመዱ ናቸው፤ ግንቡ ላይ ወራባ ኑዱል የሚባል የጅብ ቀዳዳ ድሮም አለ፤ ሌሊት እየገቡ ከተማውን ያጸዱ ነበር። ስጋቱ ጅቡ ሳይሆን የሰው ድንጋጤ ነው። ልጆቹ አይሩጡ፣ አይጩኹ፣ ከሚያበላው ሰው ኋላ ይቁሙ፤ የስልክ ፍላሽ ይጥፋ። ሥጋውን በአፍ መያዝን ለ12 ዓመቱ ልጅ አንመክርም፤ በእንጨት ይበቃዋል። ኪስ ውስጥ የሚበላ ነገር አይኑር።

ሁለተኛው ጧት የአሚር ኑር መቃብርና መኪና ግርግር፤ ልብስ ሰፊዎች ሲንጀራቸውን ደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው። ስሙ ከሲንጀሩ ጩኸት መጣ፤ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ቆማችሁ ማሰፋት ይቻላል።

የግዢው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ ስፌት፣ አዲስ ጌጥ፣ ቡና ችግር የለበትም። አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ግን፣ ቁርኣንም ይሁን የብራና መጽሐፍ፣ ጨርሶ አትግዙ፤ ቦሌ ላይ ይያዛል። መያዙ ይቅርና፣ ከአንድ ቤት ወይም መስጊድ ጎድሎ የመጣ ነው። የብር ጌጥ አሮጌ የሚመስል ከሆነ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወስዳችሁ አሳዩትና የመውጫ ወረቀት ውሰዱ፤ ለዚህ ከበረራው በፊት ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን አስቀሩ።

ጥያቄ፦ ጉዞአችንን ከቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ጋር ብናገናኘው?
— ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለንግሥ ከሆነ ሂዱ፤ ለጉብኝት ከሆነ አታገናኙት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ያ መንገድ የመኪና ሳይሆን የሰው ነው፤ ስለት ያለው ድንጋይ ተሸክሞ በእግሩ የሚወጣ ብዙ ነው። ከዋዜማው ሁለት ቀን ጀምሮ እስከ ማግስቱ በሐረርም በድሬዳዋም አልጋ አይገኝም፤ ካገኛችሁም ዋጋው ሌላ ነው። በአዘቦት ቀን ግን ቤተ ክርስቲያኑን በጸጥታ ታያላችሁ። ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፤ ከአድዋ ድል መልስ የተሳሉትን ለመፈጸም። በ1898 ዓ.ም ታመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው።

ከአዘቦቱ ይልቅ በዓል ለማየት ለሚፈልግ ሹዋሊድን እንጠቁማለን። ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ፆም ሲያበቃ ሐረሪዎች የሚያከብሩት ነው፤ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም መዝግቦታል። ቀኑ በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የድሮውን ባቡር ማየት ይቻላል? በአዲሱ ባቡር ሄጄስ በመኪና መመለስ?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ ድሬዳዋን የወለዳት ሐረር መውጣት ያልቻለው ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም እዚያ ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ለሐረር አቀበት ገንዘቡም ጉልበቱም አልነበረም። አዲሷን ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ነው፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የአገሩ ዕቃ ሁሉ የሚራገፈው ድሬዳዋ ነበር። ይህን አስባችሁ የከዚራን ሰፈር ተመልከቱ። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ ዛፍ የተተከለባቸው ዳሮች፣ የባቡር ሠራተኛ ቤቶች። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ጠመዝማዛው ይጀምራል። በዕቅድ የተሠራው ለባቡር ኩባንያው፣ በራሱ የበቀለው ለነጋዴው ነበር። ጠዋት ቀፊራ ገበያ፣ ማታ ከዚራ፤ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አትርሱ።

የድሮው ጣቢያና ጋራዡ አሉ። ጋራዡ ውስጥ የቆሙ ሎኮሞቲቮችና የድሮ የማሽን መሣሪያዎች ይታያሉ፤ ግን ሙዚየም አይደለም። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ጣቢያው ቢሮ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ሄዶ በሩን ማንኳኳት ትርፉ ድካም ነው። ሐዲዱን በዓይናችሁ ለኩት፤ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435 ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ አይሄድም፣ በአሮጌዎቹ ጣቢያዎችም አይቆምም።

በባቡር ሄዶ በመኪና መመለስ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቆላውንም ደጋውንም የምታዩት በዚህ ብቻ ነው። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ መጀመሪያ የባቡሩን ቀን አረጋግጡና ሌላውን በእሱ ዙሪያ ሥሩ። መታወቂያ ሳይዙ ትኬት የለም። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለቡ በኩል ነው፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ውጭ ስለሆነ ለባጃጅ ዋጋ ተዘጋጁ። በመስኮት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለሚታይ ወንበር አትምረጡ፤ ፀሐይ የማይመታውን ያዙ።

ጥያቄ፦ ወባ አለ ይባላል። አጎበር ይበቃል?
— ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ

መልስ፦ ለአዋሽና ለመተሐራ ወባ ዋናው መከላከያ አጎበር ነው፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። ድሬዳዋ ግን ሌላም ትንኝ አለች፤ ደንጊና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው፣ በቀን የምትነክስ። በ2011 ዓ.ም ቺኩንጉንያ ከተማውን አዳርሶ ነበር። ለእሷ መከላከያው ረጅም እጅጌና የሚቀባ መድኃኒት ነው። ሆቴል ስትገቡ ክፍሉ ውስጥ ባልዲ ውሃ ተከፍቶ ካለ ድፉት፤ የምትራባው እዚያ ነው። ከጉዞ በተመለሳችሁ በወር ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ሐኪሙ ባይጠይቅም ቆላ ወርጄ ነበር በሉ።

በክረምት ድሬዳዋ ለምትገቡ አንድ ነገር እንጨምር። ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ መኪና ማቆሚያ አይደለም። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ዘንቦ ሌሊት ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ብዙ ሰው የወሰደው ጎርፍ እንዲያ ነበር የመጣው።

ጥያቄ፦ መንገዱ ሰላም ነው? አንዱ «ሂዱ» ሌላው «እንዳትሞክሩት» ይለናል።
— ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ ወር ቆይቶ የሚወጣ መጽሔት መልስ መስጠት አይችልም፤ ማንን እንደምትጠይቁ ግን እንነግራችኋለን። ከመነሣታችሁ በዋዜማው መናኸሪያ ሂዱና በዚያ ሳምንት ከሐረር የተመለሰ የአውቶቡስ ሹፌር ጠይቁ። ጥያቄው «ሰላም ነው?» አይሁን፤ እንዲህ ከተባለ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው። «ዛሬ ስንት ሰዓት ወጣችሁ? የት ቆማችሁ? ከስንት ሰዓት በኋላ አትነዱም?» በሉት። አውቶቡሶች ተጠራርተው በአንድ ላይ የሚያልፉት ክፍል ካለ እናንተም ከእነሱ ጋር እለፉ። አዋሽ ስትደርሱ የሆቴሉን ዘበኛ ስለ ሚኤሶና አሰቦት ድጋሚ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ የአስፋልቱንም ሁኔታ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና መንጃ ፈቃድ በአንድ ቦርሳ ከፊት ይሁኑ፤ ኬላ ይበዛል። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሠራ ግቢያችሁ ውስጥ ሞክሩ። ከአዋሽ ሐረር በትንሹ 6 ሰዓት ይወስዳልና ከረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ከአዋሽ ካልወጣችሁ የዚያን ቀን አትውጡ፤ እዚያው ደግማችሁ እደሩ።